ሁለት ደቂቃ ተኩል

«ስንት ነው?» አላት፣ ገና የሹራቧን ቁልፍ ቆልፋ ሳትጨርስ።

«አምስት መቶ።»

«አምስት መቶ ምን?»

«አምስት መቶ ሊትር በደቂቃ። በስድስት ባር። አንተ ሰውዬ፣ ዕቃ ልገዛ ነው የምሄደው ወይስ ፈተና ልቀመጥ?»

ባልየው አልሳቀም። አልጋው ጫፍ ላይ ተቀምጦ፣ ሁለት እጁን ጉልበቱ ላይ ጭኖ፣ እንደ ክፉ መምህር ዓይኑን ተክሎባታል። ሃያ ስድስት ዓመት አብረው ሲኖሩ እሱ በእሷ ስፌት፣ እሷም በእሱ ብረት ገብተው አያውቁም፤ ሁለቱም የየራሳቸውን ይዘው በሰላም ኖረዋል። አሁን ግን ይኸው ሦስት ቀን ሙሉ፣ ምሳ ስታቀርብ፣ ልብስ ስትተኩስ፣ ደንበኛ ስትለካ ሳይቀር «ስንት ነው?» እያለ መውጫ መግቢያ አሳጥቷታል። ነገሩ ኮምፕሬሰር ነው፤ ንፋስ እየጨመቀ ታንክ ውስጥ አጠራቅሞ በጎማ ቱቦ የሚለቅ ማሽን። ሰውየው በዕድሜው የሚያውቀው አንድ ሙያ ነው፦ በዚያ ንፋስ አሸዋ እየረጨ ከብረት ላይ ዝገትና አሮጌ ቀለም መግፈፍ። ሃያ ሁለት ዓመት በአንድ ወርክሾፕ ይህንኑ ሲሠራ ኖሮ፣ አምና ወርክሾፑ ሲዘጋ የግድግዳ ሰዓት ሸልመው አሰናበቱት። ሰዓቱ ደግሞ እንደ ሰጪዎቹ ነው፣ በቀን አሥር ደቂቃ ወደ ኋላ ይቀራል።

አንድ ዓመት ሙሉ ግቢው ውስጥ ዱካ ላይ ተቀምጦ የአጥሩን ቆርቆሮ ሲያይ ከረመ። ያን ጊዜ እሱን ማየት አንጀት ይበላ ነበር። ሻይ ስትሰጠው «እግዜር ይስጥልኝ» ይላታል፣ እንደ እንግዳ። ባለፈው ወር ግን እጁን የሚያውቅ አንድ ባለ ሆቴል አርባ የብረት ወንበሮች በጭነት መኪና ላከለት፤ ዝገታቸውን አንሥቶ አዲስ እንዲያስመስላቸው። ወንበሮቹ የመጡ ቀን ሰውየው እንደ ልጅ ፈነደቀ። በማግስቱ ጓሮው ላይ ጣራ አቆመ፣ ለማሽኑ የሚሆን የኤሌክትሪክ መስመር አስገባ፣ ወንበሮቹን በላስቲክ ሸፈነ፤ ሲመሽ ደግሞ ላስቲኩን ገልጦ አንዷን በጣቱ ፈተግ አድርጎ ይመለሳል። የቀረው ኮምፕሬሰሩ ብቻ ነው፤ ገንዘቡም እንደምንም ተሟልቷል።

ለምን ራሱ ሄዶ አይገዛም ትሉ ይሆናል። ጉልበቱ ነው። የማሽን ሻጮቹ መንገድ ዳገት ነው፣ ከዳገቱ በላይ ደግሞ ደረጃ አለ፣ እሱ ደግሞ አርባ እርምጃ ከሄደ ይቆማል። ግድግዳ ተደግፎ የተለጠፈ ማስታወቂያ የሚያነብ ይመስላል፤ የቤት ኪራይ፣ የጠፋ መታወቂያ፣ የኮምፒውተር ትምህርት፣ ሁሉንም ያነባል። ከዚያ «ጉልበቴ ያዘኝ» ብሎ ይቀጥላል። ጎረቤቱ ሁሉ ጉልበቱን ያውቀዋል፤ እንዴት አደርክ የሚለው ቀርቶ ጉልበትህ እንዴት አደረ ነው የሚሉት። ሚስትየውም ሥራ ከጨረሰች በኋላ በየቀኑ ሱሪውን ጠቅልላ፣ ከፋርማሲ የገዛችውን ቅባት እያፈሰሰች ጉልበቱን ታሸዋለች። ስድስት ወር አሸችው። የሃያ ዓመት ጎረምሳ የሚመኘው ጉልበት ነው፤ እብጠት የለው፣ ሲታጠፍ ቀጭ አይል።

«ታንኩን አይተሽ እንዳትሸወጂ» አላት አሁን። «ሻጭ ሁሉ ታንክ ነው የሚያሳይሽ። ታንክ ማጠራቀሚያ ነው፤ ከጀርባው የሚሞላው ከሌለ ምን ዋጋ አለው? ደግሞ ጎኑ ላይ የተጻፈውን ቁጥር አትመኚ። የሚስበውን ነው የሚጽፉት። አንቺ የሚሰጠውን ጠይቂ።»

«የሚስበውን ሳይሆን የሚሰጠውን» አለች፣ እንደ ተማሪ።

ከኪሱ በመሐረብ የተጠቀለለ ነገር አውጥቶ እጇ ላይ አኖረው። አሸዋው የሚወጣበት አፈሙዝ ነው፤ የጣት ያህል፣ ቀዳዳው ከክብሪት እንጨት ብዙም የማይሰፋ። ከወርክሾፑ ይዞት የወጣው ዕቃ ይኼ ብቻ ነው። «ቱቦው ጫፍ ላይ ይሰኩልሽ። ታንኩ እስከ ስምንት ባር ግፊት ይሙላ። ከዚያ አስከፍቺና የግፊት መለኪያውን፣ የጌጁን መርፌ እያየሽ ሰዓት ያዢ። ስድስት ላይ ከቆመ የኛ ነው። እየወረደ ከሄደ ጥለሽው ውጪ።» የእጅ ሰዓቱንም ፈትቶ ሰጣት። ሰዓቱ እጇ ላይ ስለሰፋባት እስከ ክርኗ ወጣ፤ ያን ጊዜ ሁለቱም ሳቁ። ሳቁ አላለቀም፣ ሰውየው ብድግ አለና መታጠቢያ ቤት ገባ፤ ወዲያው ቧንቧው እስከ መጨረሻ ተከፈተ።

ይኼ ነው እንግዲህ ነገሩ። ሰው ፊቱን ለመታጠብ ይህን ያህል ውሃ አይከፍትም። ውሃው ሲጮህ ከሥሩ ሌላ ድምፅ አለ፤ የሚታፈን፣ የሚሰነጠቅ፣ ቶሎ የማያልቅ ሳል። ሚስትየው በሩ አጠገብ ቆማ ሹራቧን ቆልፋ ጨረሰች። ከሦስት ሳምንት በፊት ቁምሳጥኑን ለማጽዳት ስትስበው ከጀርባው ትልቅ ቡናማ ፖስታ ወድቆ ነበር። ውስጡ ራጅ ነው። መስኮቱ ላይ ይዛ አየችው፤ ምኑን ታውቀዋለች፣ ነጭ ነጭ ነጥብ፣ በጨለማ ላይ ዱቄት የተነሰነሰ ይመስላል። ወረቀቱን ግን አነበበችው። ሐኪሙ ሰው እንዲገባው ብሎ ነው መሰል አንዱን መስመር በአማርኛ ጽፎታል፦ ሳንባው ውስጥ የገባው የአሸዋ ብናኝ አይወጣም፤ በጭምብልም ሆነ ያለ ጭምብል ወደ አሸዋ ሥራ ቢመለስ ዕድሜው አጭር ነው። ፖስታውን እንደነበረ አጣጥፋ፣ እንደነበረ ከቁምሳጥኑ ጀርባ መለሰችው። ያን ዕለትም ጉልበቱን አሸችው።

ምን ትበለው? አውቄብሃለሁ ብትለው ወንበሮቹ ሊመለሱ ነው፣ ሰውየውም ወደ ዱካው፣ ወደ ቆርቆሮው፣ ወደ «እግዜር ይስጥልኝ» ሊመለስ ነው። ዝም ብትለው ደግሞ... ዝም አለች። ዝምታው ሦስት ሳምንት ሆነው። ከመታጠቢያ ቤት ፊቱን አብሶ ሲወጣ «እህ፣ ስንት ነው?» አላት፣ ዓይኑ ቀልቶ።

«አምስት መቶ» አለችውና ቦርሳዋን አንጠልጥላ ወጣች።

አውቶቡሱ ሞልቶ ስለነበር ቆማ ሄደች። ዳገቱ እሷንም ትንፋሽ አስቆረጣት። የመጀመሪያው ሱቅ በራፉ ላይ ቀይና ሰማያዊ ኮምፕሬሰሮች ደርድሯል፤ ውስጡ አዲስ ጎማና ዘይት ይሸታል። ማስቲካ የሚያኝክ ወጣት ሻጭ ከስልኩ ቀና ብሎ ከኋላዋ የሚመጣ ወንድ ካለ ፈለገ። ሲያጣ ጊዜ «ማዘር፣ ሰውየው መኪና እያቆመ ነው?» አለ።

«ሰውየው ቤት ነው። የምገዛው እኔ ነኝ።»

«አቦ፣ ጥሩ ነዋ!» ብሎ ወደ አንድ ትልቅ ቀይ ታንክ ወሰዳትና በመዳፉ መታ መታ አደረገው። ታንኩ እንደ ከበሮ ጮኸ። «ሁለት መቶ ሊትር! ይኼን የሚያህል ታንክ ይዘሽ ስትገቢ ሰፈሩ ሁሉ ነው የሚወጣው።» ዋጋው አርባ ስምንት ሺህ። እሷ የሚሰጠው ስንት እንደሆነ ጠየቀችው፤ እሱ ጎኑ ላይ የተጻፈውን አነበበላት። የሚስበውን አይደለም፣ የሚሰጠውን አለችው። ማስቲካው ቆመ። አስነሥቶ እንዲያሳያት ብትጠይቀው መብራት የለም አላት፤ ከራሱ በላይ አምፖሉ እየበራ። አፈሙዙን በመሐረቡ እንደተጠቀለለ ይዛ ስትዞር፣ ገበያ እንዳይሄድበት ብሎ እንጂ ክፉ አስቦ አይመስለኝም፣ ከኋላዋ «ማዘር ለምን ትጨነቂያለሽ? ባይሆንለት እንኳ አንቺን አይቆጣሽም። ሴት ምን ታውቃለች ብሎ ያልፈዋል» አላት።

ደሟ ፈላ። ሠላሳ ዓመት ሜትር አንገቷ ላይ አንጠልጥላ የኖረች ሴት ናት። ሰውን በዓይኗ አይታ የወገቡን ልክ ትናገራለች። በልክ ጉዳይ አትዋሽም፤ አንዲት ወፍራም ደንበኛዋ «እባክሽ ሁለት ሴንቲ ቀንሰሽ ጻፊልኝ፣ ለራሴ ደስ እንዲለኝ ነው» ብላ ብትለምናት እንኳ፣ እሺ አላለቻትም። «ልብሱን አሰፋልሻለሁ፣ ቁጥሩን ግን አልነካም» ነው ያለቻት። እንግዲህ ይኼ ልጅ፣ ገና ጢሙ በቅጡ ያልወጣ፣ ሴት ምን ታውቃለች ይላታል! እየተብከነከነች ደረጃውን ወጣች። ደረጃው መሐል ላይ ስትደርስ ግን ንዴቷ በረደና ቃሉ ብቻ ቀረ። አይቆጣሽም። ያልፈዋል። ቆመች። ሰው እንዳያፈጥባት ብላ ግድግዳው ላይ የተለጠፈ ማስታወቂያ ማንበብ ጀመረች።

ሁለተኛው ሱቅ የፈለገችው ዓይነት ማሽን አልነበረውም። ሦስተኛው ደረጃው ጫፍ ላይ ነው፤ ጠባብ፣ ንጹሕ፣ ብሎኖቹ በየመጠናቸው በጠርሙስ የተደረደሩበት። ባለቤቱ መነጽሩን በክር ያንጠለጠለ ሽማግሌ ነው። አፈሙዙን ከመሐረቡ ስታወጣ ተቀብሎ ወደ ብርሃን አነሣው፣ በቀዳዳው አጮልቆ አየ፣ ከዚያ እሷን አየ። «ይህን የላከሽ ሰው ሥራውን ያውቃል» አለ። የት ነው፣ ምንሽ ነው አላላትም። ሳትጠይቀው ወንበር አመጣላት።

መጀመሪያ ትንሹን ሰካላት፤ ያው በመጀመሪያው ሱቅ ያየችው ዓይነት ቀይ ታንክ ነው። ጌጁ ስምንት ሲሞላ ከፈተው። ንፋሱ በአፈሙዙ እየጮኸ ወጣ፣ የጠረጴዛው ወረቀት ተበተነ፣ እሷ ግን ዓይኗን ከመርፌው አልነቀለችም። ሰባት። ስድስት ተኩል። ሞተሩ እያለቀሰ ይከተላል፣ አይደርስበትም። ስድስት። አምስት ላይ ሲደርስ ሰዓቱን አየች፤ ሁለት ደቂቃ ተኩል። ቀጥሎ ትልቁን ሰካላት፤ ግራጫ፣ ባለ ሁለት ራስ፣ ሞተሩ የሚያዞረው የጎማ ቀበቶ፣ ቺንጋው፣ የክንድ ውፍረት ያለው፣ ዘጠና ሁለት ሺህ። መርፌው ከስምንት ወርዶ ስድስት ተኩል ላይ ደረሰና ቀጥ አለ። አንድ ደቂቃ፣ ሦስት ደቂቃ፣ አምስት ደቂቃ። ንቅንቅ አይልም።

«ይኼ ነው» አለ ሽማግሌው፣ ጩኸቱን ለማለፍ ድምፁን ከፍ አድርጎ። «ለአሸዋ ይኼ ነው። እስከ ማታ ብትከፍቺው አይደክመውም።»

መርፌውን እያየች ባሏን አየችው። አይደክመውም ማለት እሱም አያርፍም ማለት ነው። ይኼ ማሽን ጧት ተነሥቶ አምስት መቶ ይሰጠዋል፣ ቀትር ላይ አምስት መቶ ይሰጠዋል፣ ሰውየውም እያፏጨ፣ ደስ እያለው፣ ከፊቱ የሚነሣውን ብናኝ ይስባል። አርባ ወንበር ሲያልቅ ሌላ አርባ ይመጣል፤ እጁ የታወቀ ነው። ትንሹ ግን ሁለት ደቂቃ ተኩል ሠርቶ ይቆማል። በእንዲህ ያለ ማሽን አርባ ወንበር ቀርቶ አንድም አይጸዳም። የሚያስፈልገው አንድ ነገር ብቻ ነው፤ እሷ ሞኝ መሆን። ሁሉም ገና ስትገባ የጠበቋትን፣ ምንም የማታውቀውን ሴትዮ መሆን። የሚወዳትን ሰው ሥራ ልትሰርቀው ነው፤ ያውም እሱ ራሱ አምኖ ባስተማራት ትምህርት። ያ ሁሉ «ስንት ነው?» ለዚህ ሆነ ማለት ነው።

«ትንሹን ስጠኝ፣ አባቴ።»

ሽማግሌው የሰማ አልመሰለውም። ማሽኑን አጠፋ። «አሁን አይተሽው የለም እንዴ፣ ልጄ?»

«አይቻለሁ።»

«ታዲያ ይኼኮ ለጎማ ነው። ለብስክሌት፣ ለመኪና ጎማ።»

«አውቃለሁ። ባሌ ጉልበቱን ያመዋል» አለችና ቦርሳዋን ከፈተች።

ሽማግሌው መነጽሩን አውልቆ በሸሚዙ ጫፍ ጠረገው፣ መልሶ አደረገው፣ አሁንም ምንም አልገባውም። ደግ ሰው ስለሆነ ግን አልተከራከራትም። አርባ ስድስት ሺህ አደረገላት።

የጭነት መኪናው ሹፌር መንገዱን ሁሉ ስለ ነዳጅ ሲያወራላት እሷ «እውነትህን ነው» ትላለች። አፈሙዙ እጇ ውስጥ ሞቋል። የምትለውን እያዘጋጀች ነው፤ ሻጩ ማለልኝ፣ ይበቃዋል አለኝ፣ መርፌው ቆሞ ነበር፣ ምናልባት አላየሁትም ይሆናል። ዓይኗን በጨው አጥባ ልትዋሽ ነው። አንዴ ለራሷ ጮክ ብላ «መርፌው ቆሞ ነበር» ስትል ሹፌሩ «እ?» ብሎ ዞረ።

ባልየው በሩ ላይ ቆሞ ነበር የሚጠብቃት፤ ንጹሕ ሸሚዝ ለብሶ፣ ጸጉሩን አበጥሮ። ሁለት ተሸካሚዎች ማሽኑን አውርደው ጓሮ ጣራው ሥር አቆሙትና ሄዱ። ካርቶኑን እሱ ራሱ ቀደደው። ቀዩ ታንክ ወጣ። እጁ ታንኩ ላይ አላረፈም፤ ቀጥ ብሎ ወደ ሞተሩ ሄደ፣ ቺንጋውን በሁለት ጣቱ ቆነጠጠው፣ ጎኑ ላይ ያለውን ጽሑፍ ጎንበስ ብሎ አነበበው። ካነበበም በኋላ ቀና አላለም። ከኋላው አርባዎቹ ወንበሮች በላስቲካቸው ተሸፍነው ቆመዋል። ሚስትየው በሩ መቃን ላይ ተደግፋ፣ ቦርሳዋን ሆዷ ላይ አቅፋ፣ እጇ ላይ የእሱ ሰዓት እስከ ክርኗ ወጥቶ፣ ትጠብቃለች።

«አታለሉሽ» አለ በመጨረሻ፣ ሳይቆጣ።

«አታለሉኝ» አለች።

«ክፉዎች ናቸው። ምን ታድርጊ።» ታንኩን አሁን ነካው፣ እንደ አሮጌ ፈረስ መታ መታ አደረገው። «ለጎማ ግን አይከፋም። የሰፈሩን ብስክሌት ሁሉ ሊነፋ ይችላል።» ፈገግ ለማለት ሞከረ። እሷም ልትስቅለት ሞከረች። ትንፋሿ ሊመለስ ሲል፣ አለቀ፣ አለፈልኝ ስትል፣ እሱ ማሽኑን እያየ፣ እንዲያው እንደ ልማዱ፣ «በስንት ደቂቃ ወረደ?» አላት።

«ከስምንት እስከ አምስት፣ በሁለት ደቂቃ ተኩል።»

ወጣባት። ያን ሁሉ ውሸት መንገድ ላይ ስትፈትል መጥታ፣ ልክ ሲጠየቅ አፏ ልኩን ሰጠ። አፏን በእጇ ያዘች፤ ምን ይሆናል፣ ቃሉ ወጥቷል። ሰውየው ቀስ ብሎ ዞረ። አያት፤ ሰዓቱን እጇ ላይ አየው፣ አፈሙዙን ጣቶቿ መሐል አየው፣ ከዚያ በተከፈተው በር በኩል ወደ ውስጥ፣ ወደ ቁምሳጥኑ አየ። ከአጥሩ ባሻገር አንድ ጎረቤት ልብስ እያሰጣ ያንጎራጉራል። ከዚያ ሳሉ መጣበት። ወደ መታጠቢያ ቤት አልሄደም። እዚያው ቆሞ፣ ቀዩን ታንክ ተደግፎ፣ ያለ ቧንቧ፣ ያለ ውሃ፣ ፊት ለፊቷ ሳሉን ሳለ፤ እስኪያልቅም ቆመችለት።

«ለባለ ሆቴሉ ነገ እደውላለሁ» አለ ሲያልቅ። «ወንበሮቹን ይውሰድ።»

ቅር እንዳይልህ ልትለው አሰበች፣ አፍራ ተወችው። እጇ የሚሠራውን ስላጣ የሚያውቀውን ሠራ። ገብታ የቅባቱን ጠርሙስ አመጣች፣ ዱካው ላይ አስቀመጠችው፣ ከፊቱ በርከክ አለች፣ መዳፏ ላይ አፍስሳ የሱሪውን ጫፍ መጠቅለል ጀመረች። ሁለት ዙር እንደጠቀለለች እጇን ያዛት። የሸሚዙን ሁለት ቁልፍ ፈታ፣ ቅባት የሞላውን መዳፏን ወደ ላይ አነሣና ደረቱ ላይ አኖረው። ከሥሩ ትንፋሹ ሲወጣና ሲገባ ይሰማታል፤ አጭር አጭር፣ እንደሚቸኩል።

«እዚህ ነው» አላት።

«አውቃለሁ» አለችው፣ እዚያው ማሸት ጀመረች።